የደነዘዘው ጎን

እንቁ የአባቷን ሳህን በሆስፒታሉ ግቢ ቧንቧ ላይ ስታጥብ ከኋላዋ ወረፋ የያዙ ሁለት ሴቶች ስለ አባቷ ሲያወሩ ሰማች። የሰውዬው ልጅ መሆኗን አላወቁም። «ኩላሊቱን አውጥተው ጥለውበት እኮ እህ አላለም አሉ» አለች አንደኛዋ፣ ጀሪካኗን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው እያዛወረች። «ጎኑን እስከ ሆዱ ድረስ ቀደውት። እህቱ የጊዮርጊስን ጸበል አምጥታ ከቀባችው ወዲህ ሕመም የሚባል ነገር አያውቅም።» ሌላዋ ደግሞ፣ «የእኔው ሰውዬ ግን ሲያቃስት ነው ያደረው። እምነት ቢጎድለው ነዋ» አለች። ይህን ስትል ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እፍረት ነበር። እንቁ ሳህኑን ሳታለቀልቅ፣ ሳሙናው እንዳለበት ይዛው ሄደች።

የሕሙማኑ ክፍል ረጅም ነው። አልጋው በግራና በቀኝ ተደርድሮ መሐሉ ላይ አንድ ሰው የሚያሳልፍ መተላለፊያ ቀርቷል። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ ያለው ነጭ ቀለም የአስታማሚ ራስና ትከሻ የተደገፈበት ቦታ ሁሉ ወይቧል። የጥር ጠዋት ስለሆነ ሆስፒታሉ ያለባት የቆሰበር ከተማ ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል፤ አንድ አስታማሚ ስንጥቁን በብስኩት ካርቶን ደፍኖታል፣ ካርቶኑ ግን በጤዛው ርሶ ወደ ውስጥ ጎብጧል። አባቷ ዓባይነህ ከመስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ በሁለት ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከግራ ጎድናቸው ሥር ተነሥቶ ወደ እምብርታቸው የሚወርደውን ፋሻ ጋቢ ሸፍኖታል። ጢማቸው ተላጭቷል፤ ታላቅ ወንድሟ ምስጋናው ማለዳ ፀጉር አስተካካይ ከውጭ አስመጥቶ፣ ለመምጫው ጭምር መቶ ብር ከፍሎ ያስላጫቸው ነው። አክስቷ ወርቅአየሁ፣ የአባቷ ታላቅ እህት፣ ከራስጌው በኩል በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው የጸበሉን ሃይላንድ በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ይዘዋል። ከሌላ አልጋ እየመጡ ከጸበሉ በሃይላንዱ ክዳን እንዲቀዱላቸው የሚለምኗቸው አሉ። አክስቷ ማንንም አይመልሱም፣ ከማንም ምንም አይቀበሉም፤ ቀድተው፣ ስመው፣ ይሰጣሉ። በመስኮቱ ደፍ ላይ የአባቷ ክኒን በወረቀት ከረጢቱ ተቀምጧል። ነርሷ የምትወጋውን መርፌ ወግታ ክኒኑን ለአስታማሚ ትታ ትሄዳለች፤ አክስቷ ደግሞ ጸበልና መድኃኒት አይቀላቀልም ብለው ከደፉ ላይ አላነሡትም።

እንቁ የምታውቀውን ነገር የነገራት ማደንዘዣ የሚሰጠው ወጣት፣ ይኸነው፣ ነው። በቀዶ ጥገናው ቀን ምስጋናው ጓንትና ክር ሊገዛ ወደ ፋርማሲ ወጥቶ ስለነበር ይኸነው ኮሪደሩ ላይ ያገኘው እሷን ብቻ ነበር። በራሱ ጎን ላይ በጣቱ እየሳለ፣ ከጀርባ አጥንት የሚወጡት ነርቮች የጎድንን ሥር ይዘው ወደ ሆድ እንደሚዞሩ፣ የቁስሉን ሕመም ወደ አእምሮ የሚያደርሱት እነሱ እንደሆኑ አስረዳት። በመሣሪያ እያየ ከነርቮቹ አጠገብ እንደ ክር የቀጠነች ቱቦ በጀርባቸው በኩል አስገብቷል፤ ጠዋትና ማታ መድኃኒቱ በእሷ ይገባል፣ ጎናቸውም ደንዝዞ ይቆያል። «ቁስሉ እንዳለ ነው» አላት። «አልዳነም። ወሬው ነው የማይደርሳቸው። ይህን የምናደርገው በደንብ እንዲተነፍሱ፣ እንዲስሉ፣ ቀስ ብለው እንዲራመዱ ነው። ቱቦዋን ስናወጣት ደግሞ ሕመሙ ሳይመጣ ክኒኑ ቀድሞ ይዋጥ። ሕመም አንዴ ከመጣ በኋላ ማባረሩ ከባድ ነው።» እንቁ በዩኒቨርሲቲው ካፌ ወጥ ቤት ሽንኩርት ስትልጥና ድስት ስታጥብ የምትውል ሴት ናት፤ የነገራትን ቃል በቃል ይዛዋለች።

ይዛው ግን ዝም አለች። አባቷ በጠጠር የሞተውን ኩላሊት ለዓመታት ተሸክመው፣ ሽንታቸው መግል እየሆነ፣ አዝመራ መሐል ጎናቸውን ይዘው እየተቀመጡ ኖረዋል፤ ጸበል ይበቃዋል በተባለበት ቤት ውስጥ ይቀደዱ ያለችው እሷ ብቻ ነበረች። «አባትሽን ለቢላ አሳልፈሽ ልትሰጪ ነው» ብለው አክስቷ ለሳምንታት ሰላምታ ነፍገዋታል። ለዚያ ደግሞ ምክንያት ነበራቸው፤ ባላቸውን ለሕክምና ወደ ባሕር ዳር ሸኝተው የተቀበሉት ሬሳ ነው። አባቷ ከቀዶ ጥገናው ነቅተው «አያመኝም» ባሉበት ሰዓት አክስቷ ከመንደር ጸበሉን ይዘው ገቡ። የወንድማቸውን ግንባርና እግር ቀቡ፤ ሕመም የሌለበትን ፊት አይተው ሲሚንቶው ላይ ተንበረከኩ። ተነሥተው እንቁን ሳሟት። እንቁ «መርፌው ነው፣ አክስቴ፣ በጀርባቸው…» ብላ ስትጀምር ምስጋናው ክንዷን ይዞ፣ «ተይ እስቲ፣ ምን አደረጉሽ አሁን?» አላት። ተወችው። ማንንም አይጎዳም ብላ አሰበች፤ ሁሉም ሰው ጥቂት ቀን ደስ ቢለው ምን ይላል።

ዛሬ ጠዋት ይኸነው መጥቶ ቱቦዋን አወጣት። የመጨረሻውን መድኃኒት የሰጣቸው ትናንት ማታ ነው፤ ጎናቸው እስከ ቀትር ባለው ጊዜ መንቃቱ እንደማይቀር፣ ክኒኑ አሁኑኑ እንዲጀመር ተናገረ። አክስቷ በትሕትና ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሱ ከክፍሉ እንደወጣ ለምስጋናው፣ «በል ልብሱን አምጣ» አሉት። ነገ ጥር ሃያ ሦስት፣ ጊዮርጊስ ነው። አክስቷ የተሳሉት ወንድማቸው በእግሩ ቆሞ በመንደራቸው ጊዮርጊስ ደጅ እንዲታይ ነው፤ ይህን ያልሰማ የመንደሩ ሰው የለም። በጊዮርጊስ ዕለት ሜዳ ላይ የሚጋልበው የፈረስ ማኅበርም ሰምቷል። አባቷ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ከዚያ ሜዳ ቀርተው አያውቁም።

ጠዋት ሕሙማኑን የሚያየው ሐኪም አይሆንም አለ። ሌላ ሁለትና ሦስት ቀን እንዲቆዩ፣ ቁስሉ በመንገድ ንዝረት ሊደማ እንደሚችል፣ ሕመም የለም ማለት ቁስል የለም ማለት እንዳልሆነ፣ ወረፋ የሚጠብቀውን ሕመምተኛ እያየ በችኮላ ተናገረ። ካልሆነ በራሳችን ፈቃድ ወጣን ብላችሁ ፈርሙ ብሎ ወደ ቀጣዩ አልጋ ሄደ። ምስጋናው ፈረመ። እንቁ በአልጋው ግርጌ ቆማ አባቷን በአዊኛ ጠየቀቻቸው፤ አማርኛ ብቻ የምትችለው ነርስ እንዳትሰማቸው ነው።

«አባ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

አባቷ ጣታቸውን በተላጨው አገጫቸው ላይ አሻሹ። «እሄዳለሁ» አሉ።

እንቁ ይኸነውን ፍለጋ ሮጠች። ከቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ፣ አረንጓዴ ቆብ እንዳጠለቀ አገኘችው። ሌላ ሕመምተኛ ሊያስተኛ ነበር፤ የምትለውን ሰምቶ አንገቱን ወደ ውስጥ አስግጎ ደቂቃ ጠየቀና ተከትሏት መጣ። አክስቷን በአክብሮት፣ «እማማ፣ ያላመማቸው እኮ ስላደነዘዝነው ነው» አላቸው። አክስቷ ከባልዲው ተነሥተው ግንባሩን ሳሙት። «መርፌውንስ ለአንተ ያሳየህ ማን ሆነና፣ ልጄ? እጅህን ይባርከው። እኔ ሐኪምን የምንቅ ሰው አይደለሁም።» ይኸነው የሚነቅፍ ቃል ቢሰማ መልስ ነበረው፤ ምርቃት ግን አፉን አስያዘው። ከነርሷ ሳህን ላይ አልኮል የነካ ጥጥ አንሥቶ ወደ አባቷ ተጠጋ። መደንዘዙን የሚያውቁበት መንገድ ይህ ነው፤ ያልደነዘዘ ቆዳ የአልኮሉን ቅዝቃዜ ይሰማዋል፣ የደነዘዘው አይሰማውም። ጎናቸው እንደደነዘዘ ከሆነ ገና ሰዓት አለ፤ ከነቃ ግን አንድ እርምጃ እንዳይንቀሳቀሱ ለሐኪሙ ይነግራል፣ ሐኪሙም ተመልሶ ይሟገታል። መጀመሪያ ክንዳቸውን ነካ፣ «ይቀዘቅዛል?» አለ፤ «አዎን» አሉ። ከዚያ ከፋሻው በላይ ግራ ሆዳቸውን ነካ።

«እዚህስ፣ አባቴ?»

«አይ» አሉ አባቷ። «ምንም።»

እንቁ ቆዳውን ታይ ነበር። ጥጡ የነካው ቦታ ላይ ቆዳው ተሰብስቦ፣ ጠጉሩ ሲቆም አየች። ቀና ስትል አባቷ እሷን እያዩ ነበር። ይኸነው ፊታቸውን እንጂ ሆዳቸውን አላየም። «እንግዲያው ክኒኑን መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት ይዋጡ» ብሎ፣ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ሲጠሩት ሰምቶ ወጣ። እንቁ አፏን ከፈተች። አክስቷ ጋቢውን እያለበሱ፣ ወንድማቸውን እንደ ሕፃን አንገቱ ሥር እየሸፈኑ ፈገግ ብለው ነበር። ያን ፈገግታ ስታይ መናገሩን ትታ የክኒኑን ከረጢት ከመስኮቱ ደፍ አንሥታ ኪሷ ውስጥ ከተተችው፤ በዚያ ሰዓት ማድረግ የቻለችው ይህን ብቻ ነው።

ምስጋናው ከመነኻሪያ ያመጣው ሚኒባስ እስከ ዳንግላ ሁለት ሺሕ ብር ተዋውሎ ነው፤ ሹፌሩ ሦስት ሺሕ ብሎ ነበር፣ የጊዮርጊስ ዋዜማ ነው ብሎ። አባቷን የኋለኛው ረጅም ወንበር ላይ በጋቢና በብርድ ልብስ ደግፈው አስቀመጧቸው፤ ልተኛ አላሉም። አስፋልቱ ደኅና ነው፤ መኪናው የሚዘለው ፍጥነት መቀነሻው ላይ ነው። ከፊት ምስጋናውና ሹፌሩ ስለ ነገው ግልቢያ፣ ስለ ጥሩ ኮርቻ ዋጋ ያወራሉ፤ ሹፌሩ ዘንድሮ የፈረስ ጌጥ ከሙሽራ ልብስ ይበልጣል ይላል፣ ምስጋናውም ፈረስ እንደ ሙሽራ አያኮርፍም ብሎ ይስቃል። አክስቷ ከወንድማቸው ቀኝ ተቀምጠው በመስኮቱ የሚያልፈውን የባሕር ዛፍ እያዩ በለሆሳስ ውዳሴ ይደግማሉ። እንቁ በግራ በኩል ናት። መኪናው በዘለለ ቁጥር የአባቷ እጅ በጋቢው ሥር ሲንቀሳቀስ ይሰማታል፤ ጎናቸውን አይደለም የሚይዙት፣ የወንበሩን ብረት ነው። ትንፋሻቸው አጭር ሆኗል። የላይኛው ደረታቸው ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ይኸነው እንዲያደርጉት የፈለገው ጥልቅ ትንፋሽ የለም። አንድ ጊዜ ሳል ሊመጣባቸው ሲል አፋቸውን ገጥመው ወደ ውስጥ ዋጡት፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አክስቷ ዞረው፣ «ነፋሱ ነው?» አሉ። «ነፋሱ ነው» አሉ አባቷ፣ ምስጋናውም መስኮቱን ዘጋ።

ዳንግላ ጋሪ ያዙ። ወደ መንደራቸው የሚወስደው መንገድ መኪና የማይደፍረው፣ በክረምት የበሬ እግር የቆፈረው፣ በበጋ የደረቀ ጭቃ ነው። የጋሪው ባለቤት ቢሻው የሰፈራቸው ልጅ ነው፤ አባቷን ሲያይ ጅራፉን በብብቱ አድርጎ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። «ጋሽ ዓባይነህ፣ ኩላሊት የተነቀለ ሰው እንዲህ ያምርበታል እንዴ? እኔም ላስነቅል ነው» አለ። አባቷ ሳቁ። ያን ሳቅ እንቁ በዓይኗ ተከታተለችው፤ ተጀምሮ መሐል ላይ ተቆርጦ ቀረ። ጋሪው ላይ የምስጋናውን ካፖርት አንጥፈው አስቀመጧቸው። ምስጋናውና አክስቷ ከፊት ከቢሻው ጋር ተቀመጡ፤ እንቁ ከኋላ አባቷን ይዛ።

ከከተማው ወጥተው መንገዱ ሲጀምር መንኮራኩሩ አንድ ጉድጓድ ገባና ወጣ። አባቷ ራሳቸውን ወደ እንቁ ትከሻ አስጠጉ። ግንባራቸው በላብ ርሷል፤ ላቡ ቀዝቃዛ ነበር። የጋሪው ጩኸትና የፈረሱ ኮቴ ከፊት ያሉትን ስለሚያደነቁር እንቁ ድምፅዋን ሳትደብቅ በአዊኛ ጠየቀቻቸው።

«መቼ ጀመረዎት?»

«ልጁ በጥጥ ሲነካኝ ቀዝቅዞኛል።»

«ለምን አልነገሩትም? ቢያውቅ ኖሮ አይለቅዎትም ነበር።»

አባቷ የሚቀጥለው ጉድጓድ እስኪያልፍ ጠበቁ። «አክስትሽ ለባሏ ለምናለች። ለልጆቿ ለምናለች፣ ሁለቱንም ቀብራለች። በዕድሜዋ አንዴ የለመነችውን አገኘች። እኔ ልንጠቃት?»

እንቁ ከረጢቱን ከኪሷ አውጥታ ሁለት ክኒን መዳፏ ላይ አደረገች። ከጋሪው ላይ ያለው ውኃ የጸበሉ ሃይላንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከአክስቷ እጅ ነው። አባቷ መዳፏን አይተው ጣቶቿን መልሰው አጠፉላት። «እቤት እስክንደርስ» አሉ። በደረቅ ጉሮሮም ቢሆን ይዋጡት ብላ ብትለምናቸውም በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሪው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ጣታቸው በክንዷ ሥጋ ውስጥ ይገባ ነበር፤ እሷም ክንዷን አላራቀችም። ቢሻውን ቀስ በል ልትለው አሰበች፤ ቀስ በል ካለች ለምን ይላል፣ ለምን ካለ አክስቷ ይዞራሉ። በዚህ ዓይነት ሐሳብ መንገዱ አለቀ።

መንደሩ ወጥቶ ይጠብቅ ነበር። ከአጥሩ በር እስከ ቤቱ ደጅ ሰው ሞልቷል፤ ሴቶቹ ጋሪውን ሲያዩ እልል አሉ፣ የፈረስ ማኅበሩ ሰዎች ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ምስጋናው ሊደግፋቸው ሲመጣ አባቷ በእጃቸው መለሱት። የጋሪውን ጠርዝ ይዘው፣ አንድ እግራቸውን፣ ከዚያም ሌላውን አውርደው በራሳቸው ቆሙ። እልልታው ደገመ። እንቁ ከኋላቸው ስለነበረች ነጭ ጋቢያቸው ከወገባቸው በላይ ሲንቀጠቀጥ አይታለች፤ ከፊት የነበሩት ግን ያዩት የቆመ ሰው ነው። ከዚያ ሰላምታው መጣ። በዚያ አገር ከሞት የተመለሰ ሰው በቃል ብቻ ሰላም አይባልም፤ ትከሻ ለትከሻ ይገናኛሉ፣ በቀኝ፣ በግራ፣ እንደገና በቀኝ፤ የወደደ ሰው ደግሞ ገፋ ያደርጋል። ሀብቱ፣ የልጅነት ጓደኛቸው፣ እንባው እየወረደ አቅፎ ጨመቃቸው። «ነገ ፈረስህን እኔ ነኝ የምጭነው፤ ብትወድቅ ኩላሊት አልቆበታል እንላለን» አላቸው። ሰው ሳቀ። አባቷ፣ «እግዜር ይመስገን» አሉ። ለሚቀጥለውም «እግዜር ይመስገን» አሉ፣ ለሚቀጥለውም። ለመጨረሻዎቹ ከንፈራቸው ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው።

ቤት ገብተው መደቡ ላይ ሲጋደሙ እንቁ በሩን መለስ አድርጋ ውኃ ከእንስራው ቀዳች። ክኒኑን በአፋቸው አደረገችላቸው፤ ዋጡት፣ ወዲያው መልሶ ወጣ። ሌላ ልትሰጥ ጋቢውን ስትገልጥ ፋሻው ከታች በኩል ርሶ ነበር። ውኃ መስሏት በእጇ ነካችው። ጣቷን ወደ በሩ ብርሃን አድርጋ አየችው፤ ደም ነው። ሆዳቸው በግራ በኩል ተነፍቶ፣ ሲነኩት እንደ እንጨት ጠንክሯል። ለይኸነው ለመደወል ስልኳን አወጣች፤ በዚህ ቤት ኔትወርክ የሚገኘው ከጓሮው ጉብታ ላይ ነው። ወደ ጉብታው አልሄደችም። ደጅ ወጥታ በሰው መሐል እየተሳሳሙ ያሉትን አክስቷን እጃቸውን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻቸው፤ ምንም አላለችም፣ ጋቢውን ገልጣ አሳየቻቸው።

አክስቷ መዳፋቸውን ፋሻው ላይ ሳይሆን የወንድማቸው ደረት ላይ አሳርፈው የትንፋሹን ማጠር ለኩ። አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ አክስቷ፣ ለእንቁ።

«ከሆስፒታል ሳንወጣ።»

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

አክስቷ በጥፊ የሚመቷት መስሏት ነበር። አልመቷትም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የጸበሉን ሃይላንድ ከራስጌው በጥንቃቄ አስቀምጠው ወደ ደጅ ወጡ። እንቁ ከበሩ ሥር ሆና ሰማቻቸው። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ወንድሜን አሞታል» አሉ። «ሲያመው ነው የመጣው። ለእኔ ብሎ ነው ዝም ያለው። ወደ ሐኪም አድርሱልኝ።» አንዲት ሴት፣ «ጸበሉስ፣ እመት ወርቅአየሁ?» አለች። አክስቷ ወደ ሴትዮዋ ዞሩ። «ጸበሉ ምን አደረገ? ያላየሁት እኔ ነኝ።» ምስጋናው አጥሩን ተደግፎ መሬት መሬት ያያል። ፈቃዱን የፈረመበት እጁን በሱሪው ላይ ይጠርጋል፤ ቀና ብሎ እህቱን አላያትም።

ቢሻው ሄዷል። ጋሪውን ፈትቶ፣ ፈረሱን ለነገ ሊያጥብና ሊቀልብ ወደ ወንዝ ወርዷል። ሌሎቹም ጋሪዎች በዋዜማው ከዳንግላ አልተመለሱም፤ ቢመለሱም ከዚያ መንገድ በኋላ አባቷን ጋሪ ላይ መልሶ ለመጫን የደፈረ አልነበረም። ምስጋናው ወደ ጉብታው ሮጦ አምቡላንስ ጠየቀ፤ ዳንግላ ድረስ ካመጣችኋቸው እንቀበላለን አሉት፣ ወደ መንደሩ የሚገባ መንገድ የለም። ወንዶቹ ሁለት የባሕር ዛፍ አጠና አምጥተው ጠፍር ወጠሩበት፣ በላዩ ብርድ ልብስ አነጠፉ። የመጡት ለእልልታ ነበር፤ አሁን ትከሻቸውን ለቃሬዛ አዘጋጁ። አባቷን ከመደቡ ሲያነሡ አልጮኹም። የታችኛውን ከንፈራቸውን ነክሰው ስለነበር አገጫቸው ላይ ደም ወርዷል፤ እንቁ በነጠላዋ ጠረገችው።

ፀሐዩ ወደ ምዕራብ ሲያዘነብል ከመንደሩ ወጡ። ተሸካሚዎቹ በየጥቂቱ እየተቀያየሩ፣ ተራ ሲደርሳቸው «አምጣ» «ያዝ» ከማለት በቀር ሳይነጋገሩ ይሄዳሉ። አክስቷ ከቃሬዛው ግራ፣ እንቁ ከቀኝ ናቸው። ከደረቀው ጅረት ቁልቁለት ላይ የፊተኛው ሰው እግር ከላላ ድንጋይ ላይ ተንሸራተተ፤ ቃሬዛው ወደ ግራ አጋደለ፣ ተመለሰ። ከአባቷ ጉሮሮ የታፈነ ድምፅ ወጣና በጥርሳቸው ተዘጋ። አክስቷ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ግንባሩ ላይ አደረጉ።

«ጩኽ» አሉት በአዊኛ።

አባቷ በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዓባይነህ፣ ጩኽ። ሰው ይስማ። ለእኔ ብለህ የያዝከውን ልቀቀው።»

ጥቂት እርምጃ ሄዱ። ከዚያ አባቷ ጮኹ። ቃል የለበትም፤ ከጠዋት ጀምሮ በጋቢው ሥር፣ በወንበሩ ብረት፣ በእንቁ ክንድ ላይ፣ በየሰላምታው ውስጥ ሲያልፍ የዋለው ሁሉ አንድ ላይ የወጣ ነበር። ተሸካሚዎቹ ደንግጠው ቆሙ። ቃሬዛው በቆመ ጊዜ ጩኸቱ ቀነሰ፤ ከብርድ ልብሱ ሥር ግን አንድ ጠብታ ደም በአጠናው ላይ ወርዶ አቧራው ላይ ጠብ አለ፣ ሌላውም ተከተለ። ከፊት የያዘው ሀብቱ ወደ ኋላ ሳይዞር፣ ትከሻው ከአጠናው ሥር እንዳለ ጠየቀ።

«እንፍጠን ወይስ ቀስ እንበል?»

ቢፈጥኑ እያንዳንዱ እርምጃ ቁስሉን ይመታዋል። ቀስ ቢሉ ደሙ አይጠብቃቸውም። እንቁ አክስቷን አየች፤ አክስቷም እሷን አዩ። ሀብቱ መልስ ጠብቆ ሲያጣ አጠናውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛውሮ መሄድ ጀመረ፤ ጩኸቱም እንደገና ተነሣ።